ሳይተረጎም የቀረው «ይላል ጌታ»

ሔዋን ፈሪ ናት፤ ይህን ራሷም አትክደውም። ከሆሳዕና ተነስታ ሚዛን ተፈሪ እስክትደርስ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ዓይኗን ጨፍናለች። ከሸኮ በላይ ባለችው መንደር ቤት ከተሰጣት ወዲህም የበሩን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ ሳትነካ አትተኛም። ውሻ ትፈራለች፣ ወንዝ ትፈራለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀን አንዱ ተነስቶ «አንቺ ራስሽ ታምኛለሽ?» እንዳይላት ትፈራለች። እንግዲህ ለሁለት ዓመት ወንጌላዊት ሆና የተላከችው ይህችው ሔዋን ናት። ምን ታድርግ፤ ቤተ ክርስቲያኗ «ወደ ደቡብ ምዕራብ ማን ይሂድ?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ እሷ እምቢ ማለትም ስለምትፈራ እሺ አለች።

ጸሎቷ ኔትወርክ በሌለበት ስልክ እንደ መደወል ሆኖባታል። በየማለዳው ትደውላለች፤ ወዲያ በኩል የሚጠራ ነገር የለም። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

በመንደሩ አማርኛ አዘውትሮ የሚናገረው ገበያ የሚወርደው ሰው ነው፤ ሌላው በሸኮኛ ነው የሚግባባው። ስለዚህ ስትሰብክ የቡና ገበሬው ጋሼ አሞጽ አጠገቧ ቆመው ይተረጉሙላታል። እሷ ጥቂት ትልና ታቆማለች፤ እሳቸው ይተረጉማሉ። አንድ እሑድ በቆርቆሮዋ ጸሎት ቤት ውስጥ «ስትጨነቁ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ» አለችና ለትርጉም ቆመች። ጋሼ አሞጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተረጎሙ። ከዚያ «ይላል ጌታ» ብላ ንግግሯን ዘጋች። ይህችን አልተረጎሟትም። ሔዋን «ይላል ጌታ» ማለት ስለምታበዛ እንደ «አሜን» ያለች ማሳረጊያ መስላቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ እግራቸው ቆስሎ ኖሮ ጠርተዋት ሄደች፤ አጠበችላቸው። ረቡዕ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው እሷ መሃል ካልቆመች አንታረቅም አሉ። አርብ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «ቡናዬ ቀልቶ ሊረግፍብኝ ነው፤ ነይ እንልቀም» ብላ ላከችባት። ሔዋን በዕድሜዋ ቡና ለቅማ አታውቅም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስትጠራ ሰነበተች፤ እጇ ተቧጨረ፣ ጥፍሮቿ ጠቆሩ፣ የስብከት ማስታወሻዋን የምታይበት ጊዜም አጣች።

«ጋሼ አሞጽ፣ እዚህ አገር እንግዳ እንዲህ ነው እንዴ የሚጠራው?» አለቻቸው አንድ ቀን ቡና እየለቀሙ።

«ጥሩኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? እኔም እኮ ስተረጉመው ገርሞኛል። ይህቺ ልጅ ጉልበቷ ከየት ነው ብያለሁ።»

ሔዋን ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ይላል ጌታ» ያለችው ሳይተረጎም እንደቀረ ገባት። የእግዚአብሔርን ቃል በራሷ ስም አስነግራ፣ መንደሩ ሁሉ አምኗት! በሚመጣው እሑድ ሁሉንም ነገር ልታስተካክል ወሰነች።

እሑድ ሳይደርስ ሐሙስ መጣ። ፈንታው የሚባል ገበሬ ጋሼ አሞጽን አስከትሎ እየሮጠ በሯ ላይ ደረሰ። ሚስቱ አቢጊያ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለስልጠና ወርዳለች፤ አምቡላንሱም ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ፈንታው የሚለውን ጋሼ አሞጽ ተረጎሙ፤ «ብትጠሩኝ እመጣለሁ ብለሻል፣ ነይ» ነው የሚለው።

«ጋሼ አሞጽ፣ እባክዎ ይንገሩት። እኔ አይደለሁም፤ ጌታ ነው ያለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እኔ ምንም አላውቅም!»

ጋሼ አሞጽ ፈንታውን አዩ፤ እሷን አዩ። «እሺ፣ እነግረዋለሁ። ግን ‹ታዲያ ጌታ ቤቱ የት ነው፣ ሄጄ ልጥራው› ቢለኝ ምን ልበለው?»

ሔዋን ቦት ጫማዋን አደረገች።

አቢጊያን በቃሬዛ ላይ አስተኝተው አራት ወንዶች ተሸከሟት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። ሔዋን ከጎን ከጎን እየሮጠች የአቢጊያን እጅ ይዛለች። ምጡ በመጣ ቁጥር አቢጊያ እጇን እየጨመቀች አንዲት ቃል ትደጋግማለች።

«ምን እያለች ነው?»

«‹እመጣለሁ›። ያንን እሑድ እሷም ነበረች እኮ» አሉ ጋሼ አሞጽ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ያልሽውን ነው የምትልሽ።»

ሔዋን ቃሏን ከአቢጊያ አፍ ተቀብላ መልሳ አለችላት፤ በሸኮኛ የምታውቀው እሷኑ ብቻ ነው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ ሁለት ግንድ ነው፤ ከሥሩ ውሃው ደፍርሶ ይጮኻል። ሌላ ቀን ቢሆን አትሻገረውም ነበር። አሁን አቢጊያ እጇን አልለቅ አለቻት፤ ስለዚህ ቃሏን እየደጋገመች፣ ወደ ታች ሳታይ ተሻገረች።

መኪና መንገዱ ላይ ሲደርሱ መኪና የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ እሸት ቡና እስከ አፉ ጭኖ ከሸኮ በኩል መጣ። ሔዋን መንገዱ መሃል ቆመች። እንዴት እንደቆመች ኋላ ስታስበው ራሷም ገርሟታል። ነጂው ሳዲቅ የሚባል የጅማ ሰው ነው፤ በሚዛን ሱቅ አለው።

«እህቴ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቃሬዛውን አየ። ወረደና የጆንያዎቹን ገመድ ይፈታ ጀመር።

«ቡናው እኮ ዝናብ ሊመታው ነው» አለች ሔዋን።

«አየሁ። ያዢልኝ በዚያ በኩል።»

ጆንያዎቹን መንገድ ዳር፣ ጭቃ ላይ ደረደሯቸው። ሳዲቅ ሸራውን ከቡናው ላይ ገፎ አቢጊያን አለበሳት። እሸት ቡና እንዲህ ካደረ እንደሚበላሽ የማያውቅ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም።

ሆስፒታል ደርሰው አቢጊያን ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት፤ በሩ ተዘጋ። ፈንታው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሳዲቅ ሄዶ ሊተኛ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጃኬቱን አንጥፎ ሰገደ። ሔዋን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ያን የሚያህል ቅዱስ ቃል ሁሉ ጠፍቷት፣ ሰው ለሰው እንደሚያወራ አወራች። «ጥሩኝ፣ እመጣለሁ ብለሃል። እኔን ሲጠሩኝ ፈርቼም ቢሆን መጥቻለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ጠርቼሃለሁ።»

ሐኪሙ ወጣ። «እናትየው ተርፋለች» አለ። ስለ ልጁ ምንም አላለም፤ የጠየቀውም የለም።

ፈንታው ሲነሳ እግሩ ከዳው። ሳዲቅ ደረሰና ደግፎ ያዘው። አንዱ የሌላውን ስም አያውቅም፤ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አለቀሰ። ሔዋን አየቻቸው። ልጁ በመሞቱ አንጀቷ ተቃጥሏል፤ ግን የደወለችው ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳላት ያህል ተሰማት። እንዴት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አትችልም ነበር።

ሁለት እሑድ አለፈ። በሦስተኛው አቢጊያ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ከፊት፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ፈንታው ገብቶ አያውቅም፤ በሩ ላይ ቆሟል። ሔዋን ዓይኑን ማየት ፈራች። ቢሆንም ለራሷ የገባችው ቃል አለ፤ ስለዚህ ዛሬ «ጌታ እንዲህ ይላል» ብላ ጀመረች። ጋሼ አሞጽ ተረጎሙ። «ስትጨነቁ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ» አለች። ተረጎሙ። ያለፈው ጊዜ ስሕተት መሆኑንም፣ «እመጣለሁ» ያለው ጌታ እንጂ እሷ አለመሆኗንም ተናገረች። ጋሼ አሞጽ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ተረጎሙ።

ፈንታው ከበሩ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ።

«‹ታዲያ ከእንግዲህ አንቺን መጥራት ቀረ?› ነው የሚለው» አሉ ጋሼ አሞጽ።

ድልድዩ ትዝ አላት። ሐኪሙ ዝም ያለው ዝምታ ትዝ አላት። ከዚህ በኋላ ሌላ ቃሬዛ፣ ሌላ የተዘጋ በር እንደሚኖር ታውቃለች። ጋሼ አሞጽ አማርኛዋን ለመተርጎም ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ጠበቁ።

ሔዋን ግን ፈንታውን ቀና ብላ አየችው፤ ከሚስቱ አፍ የተማረቻትን ያችን አንዲት የሸኮኛ ቃል አለችው። ጋሼ አሞጽ የሚተረጉሙት አልነበረም።