ዜሮውን እዪ ብለውኝ ነበር

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ጋሽ ታደሰን በድያለሁ። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ባሕር ማዶ ሲታክ አየር ማረፊያ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ጎረቤታችን ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በእሳቸው ትዕግሥት ነው። እያስጠኑኝ ስቁነጠነጥ፣ "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ አቃጠለሽ እንዴ?" ይሉኝ ነበር።

እዚሁ ከተማ ሶዶ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ብረት ቆራጭ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቀጠረኝ። አለቃዬ ሁለት የመቁረጫ መስመሮች የት ላይ እንደሚገናኙ የሚያገኝ ፋንክሽን፣ አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጻፊ አለኝ። የት አውቄ? ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሮጥኩ። ቀመሩን በፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ጻፉልኝ።

"መጀመሪያ አካፋዩ ዜሮ እንዳይሆን እዪ። ትይዩ መስመሮች አይገናኙም። ዝም ብለሽ ካካፈልሽ ማሽንሽ ቀጥ ይላል።"

"ኦኬ፣ ኦኬ፣ ገባኝ ጋሼ።"

"ኦኬሽንማ አውቀዋለሁ።"

ዜሮውን ሳላይ ጻፍኩት፤ ሠራ። አለቃዬ ደስ ሲለው ስለ ጋሽ ታደሰ ነገርኩት። ሰኞ ይምጡና ላናግራቸው፣ ሰው እፈልጋለሁ አለ። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን አስተኮሱ።

ዓርብ ዕለት አለቃዬ ራሱ ሁለት ትይዩ መስመሮች አስገባ። ማሽኑ ቀጥ አለ። የማን ጥፋት ነው አለኝ። መልሴን ሲጠብቅ በእጁ የያዘውን ቡና ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ፣ ሽማግሌው የሰጡኝ ቀመር ነው አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ትኬቱ ኪሴ ውስጥ እያለ ነው ያልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የሰኞው ቀጠሮ ቀረ። ጋሽ ታደሰን፣ ቦታው ተይዟል አልኳቸው።

"ምን አለበት። ያንቺ ሠራ ወይ?"

"ሠራ።"

እውነትም በኋላ ሠራ፤ የነገሩኝን ጨመርኩበትና ተመሰገንኩ። እሳቸው ዛሬም በዝናብ መኪና ያቆማሉ። ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙት ሁሉ፣ "ይቺ ልጄ ኮምፒውተር ታዛለች" ይላሉ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ይህን ቢያነቡ የሚሉትን አውቃለሁ፤ "ችኩል ናት፣ ተዉአት" ነው የሚሉት። አይደለም ጋሼ። ዜሮውን የዘለልኩት በችኮላ ነው። በእርስዎ ላይ ያሳበብኩት ግን አስቤ ነው።