ጋሽ ሞላና የምትሰምጠው ብስክሌት

በእግዚአብሔርና በእናንተ በወዳጆቼ ፊት፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እናዘዛለሁ፦ የጋሽ ሞላ የሾክ ፓምፕ አልጠፋም። እኔ ጋ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ በአባቴ የገብስ ጆንያ ውስጥ ተኝቷል።

የንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ፣ የሾክ ፓምፕ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ቀኖናው ይቀልልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከደብረ ታቦር ሆስፒታል ተደውሎ «ጋሽ ሞላ ዐረፉ» ተባለ። አላመንኩም። ስልኬን ከፍቼ ትናንት የላኩላቸውን አየሁት፦ «ጋሽዬ፣ ሲሻልዎት በገብሱ መሃል እንወርዳለን።» አንብበውታል፤ ምልክቱ ያሳያል። ትናንት ያነበበ ሰው ዛሬ እንዴት ይሞታል?

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሞላ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ነበሩ ልል ነው እንዴ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በመሥሪያ ቤት ሞተር ሲያቆራርጡ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ጓደኞቻቸው ከዘራ ገዙ፤ እሳቸው የተራራ ብስክሌት ገዙ።

ባሕር ዳር ለግዢ ሲሄዱ ጋሽ አያሌውን አስከትለው ነበር። ጋሽ አያሌው የእድራችን ዳኛ ናቸው። በንፋስ መውጫ ገበያ ሳያስመረምራቸው በቅሎ የሚገዛ የለም። ስለ ብስክሌት ግን የሚያውቁት ጥርስ እንደሌላት ብቻ ነው፤ እሱንም ፈልገው ካጡ በኋላ።

ሁለት ብስክሌት ቀረበ። አንዷ የምታብረቀርቅ፣ ከፊት ብቻ የመንገዱን ንጠት የሚውጥ ሾክ ያላት። ሌላዋ የተጫጫረች፣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ የሸጣት፣ ከፊትም ከኮርቻው ሥርም ሾክ ያላት። ጋሽ አያሌው የሁለተኛዋን ኮርቻ በመዳፋቸው ተጫኑት። ሰመጠች።

«ሞላ፣ ይቺ ወገበ ልል ናት። ገና በመዳፍ የምትሰምጥ ከብት ዳገት ላይ ትተኛብሃለች።»

ጋሽ ሞላ ወጡባት። ትንሽ ሰመጠችና ቆመች። «ተዋት ትስመጥ» አሉ። «ሰምጣ ነው ድንጋዩን የምትውጥልኝ።» መገጣጠሚያዋን ነቀነቁ፣ ጎማዋን አሽከረከሩ፣ ፍሬኗን ያዝ ለቀቅ አደረጉ። መሪዋ ላይ ያለችውን ቁልፍ ነክተው ቢቀመጡ ኮርቻው ይዟቸው ቁልቁል ወረደ።

ጋሽ አያሌው አማተቡ። «ግመል ናት እንዴ?»

ታሪኩን ሁለቱም ነግረውኛል። በጋሽ አያሌው አነጋገር፣ ያን ቀን የተሳሳተው ሌላ ሰው ነው።

እኔን መጀመሪያ ብስክሌቷ ላይ ያስቀመጡኝ ቀን ጭጋግ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በገብስ ማሳዎች መሃል የሚወርደው የእግር መንገድ ላይ ነን፤ ከአሥር እርምጃ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ነጭ ነው። «ድንጋዩን አትዪው ትርንጎ፣ መሄጃሽን እዪ» አሉኝ። «መሄጃዬ አይታይም እኮ ጋሽዬ።» «እንግዲያው እንደሚታይ አድርገሽ እዪ።»

ተለቀቅኩ። ሥሬ ድንጋይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ድምፁን እሰማለሁ፤ ግን አይደርስብኝም። ብስክሌቷ ዝቅ ትላለች፣ ከፍ ትላለች፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው። ገብሱ በግራም በቀኝም ጤዛውን እጄ ላይ ያራግፋል። የሆነ ቦታ ላይ መሬቱ ያለቀ መሰለኝ፤ ጭጋጉ ላይ የምሄድ መሰለኝ። ከላይ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል፦ «ተያት ትስመጥ! ተያት!»

አሁንም ልተኛ ስል ያ ቁልቁለት ይመጣል። አንድ ቀንም መጨረሻው ላይ ደርሼ አላውቅም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ። የኋላው ሾክ የሚሞላው በአየር ነው፤ አየሩም በተቀማጩ ክብደት ይለካል። የጎማ ፓምፕ አይሆነውም፤ ያ ትንሹ ፓምፕ ብቻ ነው የሚሞላው፣ በከተማው ያለውም እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ሞላ የፓምፑ መለኪያ መስታወት ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ጭረት አድርገዋል፤ ላይኛው የእሳቸው፣ ታችኛው የእኔ። ፋሲካን ልንዳት ብዬ ተዋስኳት፣ አየሩን ወደ እኔ ጭረት አወረድኩ፣ ፓምፑን ደበቅኩ። በእኔ ልክ እንደሆነች ትቆይልኝ ብዬ ነው። ሲጠይቁኝ «ጠፋብኝ» አልኩ። አየት አደረጉኝና «ተያት ትስመጥ እንግዲህ» አሉ። በሳምንቱ ታመሙ። ሾኩ ቀስ እያለ አየሩን ጨረሰ።

ዛሬ ድንኳን ሲተከል ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ተነሱ። እኛ ጋ በቅሎ የነበረው ሰው ሲሞት በቅሎው ኮርቻ ተጭና በለቅሶው ፊት ትሳባለች። «የሞላ በቅሎ ያቺ ናት» አሉ፤ «ነገ አስከሬኑ ሲገባ ትሳብልኝ።»

ጋሽ አያሌው ሊመረምሯት ወደ ቆመችበት፣ ከጎተራው ኋላ ገቡ። ተጫኗት። ሰመጠች፤ አልተነሳችም። ደግመው ተጫኗት። ወጥተው ዳኝነታቸውን ሰጡ፦ «ወገቧ የወደቀ ከብት በሰው ፊት አይሳብም። ሞላን አናዋርድም።»

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ ወደ ገብሱ ጆንያ ሮጥኩ።

ጋሽዬ፣ ይህን የምጽፍልዎ ከጎተራው ኋላ፣ ከብስክሌትዎ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። አንድ እጄ ስልኩ ላይ፣ አንድ እጄ ፓምፑ ላይ። መርፌዋ አሁን የእኔን ጭረት አለፈች። እዚያ ላቆማት አሰብኩ፣ እውነቴን ነው። አላቆምኳትም። የእርስዎ ጭረት ላይ ደርሳለች፤ ወገቧም ተነስቷል። ነገ በእርስዎ ልክ ሆና ትሳባለች።

ጠፍቶብኝ እንዳልነበር ያውቁ ነበር አይደል?

ይውረዱ እንግዲህ ጋሽዬ። ድንጋዩን አይዩት። ከላይ የሚጮኸው ዛሬ እኔ ነኝ፦ ይተዋት፣ ትስመ…

ከኋላዬ አንድ ሰፊ መዳፍ መጥቶ ኮርቻው ላይ አረፈ። ሰመጠች። ተነሳች።

«ትርንጎ» አሉ ጋሽ አያሌው፤ «ነገ ትሳብ።»