የኑረዲን ክሮች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ አሮጌ መኪናዋን ጋራዤ አመጣች። ዳሽቦርዱን ስፈታው ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ የማይታወቁ ሽቦዎች ተዘረገፉ። ሠራተኛዬ «እንዳይምታቱብን የለየናቸውን ክር እንሰርባቸው» ሲለኝ ጮህኩበት። ምን ነካው ቢል አልፈርድበትም።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በስደት አገር፣ ኪሰንዪ በተባለ ሰፈር፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የአገራችን ሰው ጋራዥ ውስጥ እኔና ኑረዲን የሚባል የጅማ ልጅ ለሙከራ ተቀጠርን። የሚያስቀሩት አንዳችንን ብቻ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። ኑረዲን ሚስቱን ከጅማ ሊያስመጣ ያሰበው ይህን ሥራ ተማምኖ ነው። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ምቀኝነት ግን ሞልቶኝ ነበር።

ዝናቡ አላባራ ብሎ የኪሰንዪ ጭቃ ጫማ የሚያስቀርበት ወር ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ከሚጠብሰው ሰውዬ ሮሌክስ፣ ያው በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ እየገዛን ለሁለት እንካፈላለን። ኑረዲን ትልቁን ግማሽ ሁልጊዜ ለኔ ይሰጠኛል። ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ሽቦው የተዘበራረቀ ሚኒባስ መጣ። ጋሽ ደምሴ ለኑረዲን ሰጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ተንበርክኮ፣ የመፈተሻ አምፖሉን አንድ ጫፍ ቦዲው ላይ ቆንጥጦ፣ በሌላው ጫፍ እያንዳንዱን ሽቦ እየነካ ለየ። አባቱ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ኪሱ ክር አያጣም። ከባትሪ የሚመጣውን በቀይ ክር፣ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን በጥቁር ያስራል። ዓርብ ዕለት ጨረሰና ለጥንቃቄ ባትሪውን ነቅሎ ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ።

ባትሪው ከተነቀለ በአምፖል ማረጋገጥ የለም፤ ሲመለስ የሚያምነው ክሩን ነው። ይህን አውቅ ነበር። አንዱን ቀይና አንዱን ጥቁር ፈትቼ አቀያየርኳቸው። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ተመልሶ ክሩን እያየ ገጣጠመ። ጋሽ ደምሴና ባለመኪናው ቆመው እያዩ ባትሪውን ሲያስር ዳሽቦርዱ በጭስ ተሞላ። ለካስ ፊውዙ ቦታ ላይ የሆነ ሰው ቁራጭ ሽቦ ጠምዝዞበት ኖሯል፤ የሚያቋርጠው ነገር ስላልነበረ ያ ሁሉ መስመር ነደደ። ኑረዲን የጋለውን ሽቦ በባዶ እጁ ሲመነጭቅ መዳፉ ተላጠ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አሉት ጋሽ ደምሴ።

ይጠረጥረኛል ብዬ ስጠብቅ ወደኔ ዞረ። «በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት። ጭንቅላቴ አልቋል ወንድሜ፤ ሥራው ላንተ ይሻላል» አለኝ።

«አይዞህ፣ ያጋጥማል» አልኩት። ከሠራሁት ሁሉ ይቺን አይዞህ እጠላታለሁ።

ሥራው የኔ ሆነ። የጅማዋ ሚስቱ ሳትመጣ ቀረች፤ ከዓመታት በኋላ እዚሁ ሌላ አገባ። ዛሬ ኦዊኖ ገበያ ሰልባጅ ይሸጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽቦ ነክቶ አያውቅም፤ ቤቱ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሰው ይጠራል። ሸሚዝ የምገዛው ከሱ ነው። ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፣ ሸሚዝ ይዤ እመለሳለሁ።

ትናንትም ሄጄ ነበር። ትልቋ ልጁ ሐያት ኤሌክትሪክ መማር እፈልጋለሁ እያለች ስትለምነው ደረስኩ።

«ተይ ልጄ፣ በኛ ዘር ለዚህ የሚሆን ጭንቅላት የለም» አላት። በጣቱ ወደኔ ጠቆመ። «ጭንቅላት ያለው እሱ ነው። ከፈለግሽ ጠይቂው።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

«አባትሽን ስሚ» አልኳት።