አራት እርከን ዝቅ

ሰው ስለ ራሱ ጉሮሮ ቢጨነቅ ደንብ ነው። ኒካኖር አቤልያና ግን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የራሱ ጉሮሮ መኖሩን እንኳ ረስቶታል። እንቅልፍ የነሳው የሰው ጉሮሮ ነው፤ የአበልጁ የፍሎርዴሊሳ።

ሁለቱ ሴቡ ከተማ ውስጥ "ትሬስ ማሪያስ" በሚባል ምግብ ቤትም መጠጥ ቤትም በሆነ ቦታ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ኪቦርድ ይጫወታል። ከበሮውንም ቤዙንም ያው ኪቦርዱ ስለሚያወጣው ሌላ ሙዚቀኛ የለም። ደንበኛ የሚፈልገውን ዘፈን በሶፍት ላይ ጽፎ ይልካል፣ ኒካኖር ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጀምራል። ኖታ ማንበብ አይችልም። ባንታያን ደሴት ላይ ዓሣ አጥማጅ አባቱ ለቄሱ ዓሣ ሲያደርስ እሱ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን እየነካካ በጆሮው ተማረ፤ በዚያው ጆሮ ኩዋላ ላምፑርን፣ ባንኮክን፣ ማካውን ዞረ። ፊሊፒናዊ ያልተጫወተበት ሆቴል ሙዚቃው ጨው የለውም ይባል በነበረበት ዘመን ነው እንግዲህ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዞ የተመለሰው ሀብት ያው ጆሮው ነበር። አንድ ድምፅ ሲሰማ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል፤ የመኪና ጥሩንባ እንኳ ቢሆን።

ፍሎርዴሊሳ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የኒካኖር ልጅ የጄሳሚን የክርስትና እናት ናት፤ በዚህም የተነሳ አበልጄ፣ አበልጄ ይባባላሉ። ኩራቷ አንድ ነገር ላይ ነው። "በሃያ ሁለት ዓመቴ በዘፈንኩበት ቶን፣ በዚያው ከፍታ ነው እስከ ዛሬ የምዘፍነው። ሌሎቹ ሲያረጁ ዘፈኑንም ያስረጁታል፤ እኔ ወይ ፍንክች!" ትላለች። የከተማው ሰውም ያምናታል። በተለይ አንድ የድሮ የፍቅር ዘፈን አላት፤ የመጨረሻው ስንኝ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ የሚጠብቀው።

ውሸት ነበር። ውሸታሙ ግን እሷ አልነበረችም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዝናቡ ወራት፣ ጉንፋን ይዟት ያ የመጨረሻ ስንኝ አፏ ላይ ተሰነጠቀ። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰካራም ሳቀባት። ያን ዕለት እራት ሳትበላ፣ ሳትሰናበት ወጣች። በማግስቱ ኒካኖር ልቡ አልችል አለ። ኪቦርዱ ላይ ሙዚቃውን በሙሉ አንድ እርከን ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ጣት እዚያው ቦታው ሆኖ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ይወርዳል። ያቺን ተጫነ። ፍሎርዴሊሳ ዘፈነች፣ ስንኙን ወጣችው፣ ዘወር አለችና ፊቷ በርቶ "አየህ አበልጄ? ጉንፋኑ ነበር እኮ!" አለችው። ያኔ መናገር ነበረበት። ሳቀላት። ዝም አይነቅዝም ብሎ ራሱን አጽናና።

ጉንፋኑ ሄደ፣ ድምጿ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ሁለተኛውን እርከን ወሰደ፤ በወራት ልዩነት ሦስተኛውን፤ ባለፈው ነሐሴ አራተኛውን። በጥቂት በጥቂት ስለሆነ እሷ አላወቀችም። እሱ ግን መከራውን አየ። በዚያ አገር ቪዲዮኬ፣ ሙዚቃውን ብቻ እያወጣ እንግዳው የሚዘፍንበት ማሽን፣ የሌለው ድግስ የለም፤ ማሽኑ ደግሞ አበልጅ አያውቅም፣ ቁልፉን ካልነኩበት ዘፈኑን በእውነተኛ ቶኑ ነው የሚያወጣው። የጄሳሚን ልደት ላይ እንግዶቹ "ፍሎር! ፍሎር!" እያሉ ማይኩን ሲያቀብሏት ኒካኖር ሶኬቱን በእግሩ ነቅሎ "ተቃጠለ!" ብሎ ጮኸ። ሚስቱ የኪራዩን ማሽን በምን ልንከፍል ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች። ደግነቱ ፍሎርዴሊሳ ራሷ ቪዲዮኬ አትወድም ነበር። "አናጢ ሠርግ ቤት ሄዶ ሚስማር ይመታል እንዴ?" ብላ ተቀመጠች።

ከሁሉም የከበደው ግን የጆቬሊን ነገር ነው። ጆቬሊን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ፍሎርዴሊሳ በማትመጣበት ቀን እንድትዘፍን ነበር የተቀጠረችው። አንድ ቀን በልምምድ ላይ "ጋሼ ኒካኖር፣ ትንሽ ከፍ ብሎብኛል፤ አንድ ያውርዱልኝ" አለችው። ፍሎርዴሊሳ ከኋላ ሰማች።

"እዚህ መድረክ ላይ የሚወርድ መጋረጃ ብቻ ነው፣ የኔ እመቤት። ካልቻልሽ ሱቅ ግቢና ጫማ ሽጪ።"

ልጅቷ እውነትም ሄዳ ጫማ መሸጥ ጀመረች። ኒካኖር ያን ቀን አቀርቅሮ የኪቦርዱን ገመድ ሲጠቀልል ነበር። እንዲህ ያለው ዝምታ ከውሸት አይሻልም፤ እሱም ያውቀዋል።

በጥር፣ የሕፃኑ ኢየሱስ በዓል በሚከበርበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹ ገና ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ሳሉ ፍሎርዴሊሳ እየበረረች ገባች። በባሕሩ በኩል ያለው ትልቁ ሆቴል የተከፈተበትን ዓመታዊ በዓል ቅዳሜ ሊያከብር ነው። መጀመሪያ ስሟን ያገኘችው እዚያ ነበር። አስራ ስምንት ሙዚቀኛ ያለው ባንድ፣ ሁሉም ኖታ አንባቢ፣ እሷ ደግሞ ያንን ዘፈን።

"ቶኑን በስልክ ጠየቁኝ" አለች።

"ምን አልሻቸው?"

"ምን እላቸዋለሁ? የድሮው ነዋ! ማንን መሰልኩህ?"

ኒካኖር ፈገግ ለማለት ሞከረ። ባንድ ሙሉ ሰው በወረቀት ላይ የተጻፈውን ሊጫወት ነው፤ እዚያ መሀል የሱ ጣት የለችም። ሰባት መቶ እንግዳ ፊት፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ነክታው ወደማታውቀው ከፍታ ልትወጣ ነው፤ መውደቋንም የምታውቀው ከወደቀች በኋላ ነው።

"አበልጄ፣ ትንሽ ዝቅ ብታስደርጊውስ?" አለ። "አዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ አለው። ጉሮሮ ያደርቃል።"

"አንተ ሟርተኛ! ደግ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ይላል።"

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

ረቡዕ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። ለባንዱ ኃላፊ መልእክት ጻፈ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። ተደብቆ ቢያስወርደው፣ ልምምድ ላይ አንዱ "ባዘዙን መሠረት አውርደነዋል" ቢላትስ? ደግሞ መደበቁ ራሱ አንገሽግሾታል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ቀን እየተቆጠረ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሕፃኑ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ባዚሊካው ሄደ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሻማ የሚሸጡ አሮጊቶች አሉ፤ ሻማ ስትገዛቸው ጉዳይህን ይጠይቁህና ሻማውን ይዘው ስለ አንተ እየደነሱ ይጸልያሉ። አንዷ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ሻማዎቹን ተቀበለችው።

"ስለ ማን ልደንስ?"

"ስለ አንዲት ሴት ጉሮሮ፣ እማማ።"

"ታማለች?"

"አልታመመችም። አላወቀችም እንጂ።"

አሮጊቷ እግሯን ማንሳት ጀምራ ነበር፣ ቆመች። "አንተስ ታውቃለህ?"

"አዎ።"

"እና ሂድና ንገራት እንጂ! ሕፃኑ ኢየሱስ ተላላኪህ ነው?" አለችው። ቢሆንም ገንዘቡን ተቀብላለችና ደነሰችለት፤ ወደ ፊት ሁለት፣ ወደ ኋላ አንድ፣ እያጉረመረመች።

ከሰዓት በኋላ ትሬስ ማሪያስ ባዶ ነበር። ፍሎርዴሊሳ የዝንጅብል ውሃዋን እየጠጣች ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች። ኒካኖር ኪቦርዱን አበራና "ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" አላት። የኪቦርዱ ትንሿ መስኮት ላይ አራት ቁጥር ከመቀነስ ምልክት ጋር በርቷል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የምትዘፍኚበት ቶን ነው። አራት እርከን ወርዷል። እኔ ነኝ ያወረድኩት።"

ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። "ቀልድህን ነው?"

"አይደለም።"

"ዜሮ አድርገው።"

"ፍሎር፣ ተይ..."

"ዜሮ አድርገው አልኩህ!"

አደረገው። የመጨረሻውን ስንኝ ብቻ ተጫወተላት። ቆማ፣ እጆቿን እንደ ሁልጊዜው ጎኗ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ ከፍታው ሳይደርስ ድምጿ ለሁለት ተከፈለ። ደግማ ሞከረች። ደግሞ ተከፈለ። ኒካኖር ጣቶቹን ከኪቦርዱ አነሳና ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጉንፋኑ ወዲህ። ሁለት ዓመት።"

ጥቂት አሰበች። "ጆቬሊንን ሳባርር ስንት ላይ ነበርን?"

"ሦስት ላይ።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። የጥፍር ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጉንጯ ላይ ቀይ መስመር ተወ። "አንተ እዚያ ተቀምጠህ ሰማኸኝ። ያቺን ምስኪን ስሰድባት እያየህ ዝም አልክ።"

"እንዳትሰበሪ ብዬ ነው አበልጄ።"

"ሸክላ ነኝ እንዴ?" ድምጿ አሁን ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸቷ ይልቅ ይህ አስፈራው። "ድምፅ ይሄዳል። የእናቴም ሄዷል፣ የሁሉም ይሄዳል። እኔን ግን ሲሄድ እንኳ እንዳልሸኘው አደረግከኝ።" ቦርሳዋን አነሳች። "ቅዳሜ አትምጣ አልልህም፤ አዳራሹ የኔ አይደለም። ግን ፊት ለፊቴ እንዳትቆም፣ ኒካኖር።"

በስሙ ስትጠራው በአስራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር።

ዓርብ ሥራ አልገባችም። ኒካኖር ብቻውን ያለ ዘፋኝ ሲጫወት አመሸ፤ ሶፍት ላይ ዘፈን ጽፎ የላከም አልነበረም። ለሆቴሉ ደውላ ይሆን? አስወርዳው ይሆን? እልኸኛ ናት፤ እሱን ለማሳፈር ብላ በድሮው ቶን ብትወጣስ? ቤቱ ሲገባ ጄሳሚን ሌላ ወሬ ይዛ ጠበቀችው።

"አባዬ፣ የክርስትና እናቴ ምን ነክቷት ነው? ቪዲዮኬ ተከራይታ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ስትዘፍን ዋለች አሉ። ቶኑን ታወጣለች፣ ታወርዳለች፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። ጎረቤቶቿ ሊያብዱ ነው።"

"ቀኑን ሙሉ?" አለ ኒካኖር። ነገ ልትዘፍን ያለች ሴት ዛሬ ጉሮሮዋን ስትልጥ ዋለች ማለት ነው። እራቱን አልበላም።

ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በሠራተኞች በር በኩል ሆቴሉ ገባ። የድሮ ወዳጁ የሆነ የዕቃ ቤት ኃላፊ ነው ያስገባው። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ የተጠበሰ አሳማ የያዙ አስተናጋጆች እየገፈተሩት በሚያልፉበት ቦታ ቆመ። እሷ ልታየው አትችልም። ልቡ በጆሮው ውስጥ ይመታል፤ ያው የፈረደበት ጆሮ።

ፍሎርዴሊሳ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ማይኩን ያዘች፣ አዳራሹ እስኪረጋ ጠበቀች።

"ይህን ዘፈን እዚህ ስዘፍን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር" አለች። "ዛሬ ሃምሳ አራት ነኝ። በድሮው ቶን ነው የምዘፍነው ስላችሁ የኖርኩት ግን ልክ አልነበረም። ዛሬ አውርጄዋለሁ፤ ቅር ያለው ሰው ወጥቶ ባሕሩን ይስማ።"

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ኒካኖር ትንፋሹን ለቀቀ። አስወርዳዋለች፤ ተመስገን። ባንዱ የመጀመሪያውን ድምፅ አወጣ፣ ጆሮውም ሳያዝዘው የወረደውን እርከን ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን ጠበቀ። አራተኛው አልነበረም።

ተሳስተዋል፣ አለ በልቡ። በሦስት አትችለውም። ወደ መድረኩ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ አንድ አስተናጋጅ "ጋሼ፣ ወዴት ነው?" ብሎ በሳህኑ መለሰው። የቀኝ እጁ ጣት በአየር ላይ የሌለች ቁልፍ ሲጫን ድንገት አስተዋለ። እሷ ግን እየተረጋጋች ሄደች። የመጀመሪያው ስንኝ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ባንዱ ጩኸቱን ቀነሰና የመጨረሻው መጣ። ማንኪያዎች ተቀመጡ። ኒካኖር ዓይኑን ጨፈነ።

ድምጿ ወጣ። ጫፉ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ የሚሰነጠቅም መሰለ፣ ከዚያ ቆመ፤ ሙሉ፣ ትንሽ ሻካራ፣ የራሷ። አዳራሹ ከወንበሩ ተነሳ።

ኒካኖር ለማጨብጨብ እጁን አንስቶ ሳለ ነሐሴ ትዝ አለው። በነሐሴ የተሰነጠቀ ነገር አልነበረም። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ምራቋን ስትውጥ አይቶ ደነገጠ፣ በዚያች ብቻ ቁልፏን ተጫነ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ ልትወጣው ከምትችለው ቦታ አንድ እርከን ዝቅ ብላ ስትዘፍን ኖራለች፤ እሱ ስለፈራ። ሦስቱን ዕድሜ ወሰደባት። አራተኛውን የወሰደው እሱ ራሱ ነው።