በዜሮ የቀናችው ተመራማሪ

ሰው በቤት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። እሷ የቀናችው በዜሮ ነው። ብታምኑም ባታምኑም፣ በአንዲት ባዶ ክብ ቀንታ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት።

የሥራ ባልደረቦቿ «የእንቁራሪት ሐኪም» ይሏታል። ማከም እንኳ አታክምም፤ የአረም መድኃኒት ከማሳ ታጥቦ ኩሬ ሲገባ እንቁራሪቶቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ነው የምታጠናው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገንዳዎቿን በሁለት ረድፍ ደርድራ፣ በአንዱ ረድፍ መድኃኒት ጨምራ ሌላውን በንጹህ ውኃ ብቻ ሞልታ፣ ያደጉትን እየከፈተች በማይክሮስኮፕ ታያለች። መድኃኒቱ ካገኛቸው ወንዶች አንዳንዶቹ በዘር ፍሬያቸው ውስጥ እንቁላል ይይዛሉ። ወንድ ሆኖ እንቁላል፣ ጉድ እኮ ነው። ታዲያ በንጹሁ ውኃ ካደጉትም ከመቶ አሥራ ሁለቱ እንዲሁ ሆነው ስላገኘቻቸው፣ «ይሄ ተፈጥሯቸው ነው፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ትንሽ ነው» ብላ ጻፈች። ስሟን ያስጠራው ይሄው ጽሑፍ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ የሳይንስ መጽሔት ገና ያልታተመ ጥናት ላከላት። ገምግመሽ «ይታተም» ወይም «ይቅር» በይ ነው ነገሩ። የጸሐፊው ስም ተሰርዟል፤ እሷ ግን ሁለተኛውን ገጽ ሳትጨርስ አወቀቻት። ሠንጠረዥን ከትልቁ መጠን ጀምሮ ቁልቁል የምትደረድር ሴት በዓለም ላይ አንዲት ናት፤ ጭራሮ። ቅጥነቷን አይታ ስሙን ያወጣችላት፣ ምላጭ አያያዝ ያስተማረቻት፣ አራት ዓመት አጠገቧ ያስቀመጠቻት ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ተቋም ሄዳለች። በደንቡ ቢሆን «አውቃታለሁ፣ ለሌላ ስጡት» ብላ መመለስ ነበረባት። የት አባቷ፣ በሯን ዘግታ ማንበቧን ቀጠለች።

ጭራሮ በንጹህ ውኃ ካሳደገቻቸው ሁለት መቶ ወንዶች መካከል እንቁላል የተገኘበት ዜሮ ይላል ጥናቱ። መድኃኒት ካገኛቸው ግን ከመቶ ሃያ አንዱ። ተፈጥሯቸው አይደለም ማለት ነው፤ ጉዳቱም ትንሽ አይደለም ማለት ነው። ይህ ከታተመ የአሥራ አንዱን ዓመት ልፋት ውኃ በላው።

«ባጎረስኩ ተነከስኩ» አለችው እራት ላይ ለባሏ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገር አያበዛም። «እውነቷን ቢሆንስ?» አላት።

«ተፈጥሮ ዜሮ አትሰጥም።»

«የቀናሽባት ትመስያለሽ።»

«አዎ ቀናሁ፣ ምን ይጠበስ?»

ቀንታለች እንጂ! በወጣትነቷ፣ በጽሑፏ ማማር፣ በዚያች ዜሮ አንጀቷ እርር ድብን ብሏል። ጥናቱን ሦስቴ አነበበችው፤ ስህተት ባገኝ ብላ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ፈተሸች። አጣች። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት፦ የራሴን ውኃ አስመርምሬ ንጹህ መሆኑን ባሳይ፣ በንጹህ ውኃም ቢሆን እንቁላል ይገኛል፣ የሷ ዜሮ ውሸት ነው ማለት እችላለሁ። ውኃዋን በመጀመሪያው ዓመት አንዴ አስመርምራ ንጹህ ነው ተብላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠር?

ሐሙስ ጠርሙስ ይዛ ገንዳዎቿ ወደሚሞሉበት፣ ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ወረደች። አትክልተኛው መርጫውን በጀርባው አዝሎ የጉድጓዱን ዙሪያ ይረጫል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚረጩት?»

«ይሄ ሰርዶ አላስቀምጥ ብሎኝ እኮ ነው፣ ዶክተር። በየወሩ ካልረጨሁት ጉድጓዱን ይውጠዋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥር ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቱስ ከእርስዎ ክፍል የሚተርፈው አይደል? ጊዜው አልፎበታል ብላችሁ ከምትጥሉት የእቃ ክፍሏ ሴትዮ ትሰጠኛለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰርዶን ድራሹን ነው የሚያጠፋው።»

ጠርሙሷን ከጉድጓዱ ሞልታ ለምርመራ ላከች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። የምርመራው ውጤት አርብ መጣ፤ ውኃው ውስጥ መድኃኒቱ አለ። ንጹህ ያለችው ረድፍ አሥር ዓመት ሙሉ ንጹህ አልነበረም። ከመቶ አሥራ ሁለቱንም ያመጣው ተፈጥሮ አልነበረም።

ይህን የሚያውቅ ደግሞ የለም። አትክልተኛው ምን እንደተናገረ አልገባውም። «ይቅር» ብላ ብትልከው ጭራሮ ሌላ መጽሔት እስክታገኝ አንድ ሁለት ዓመት ትንከራተታለች፤ የእሷም ስም እስከዚያ እንደተከበረ ይቆያል። የመገምገሚያውን ቅጽ ከፍታ ጣቷን «ይቅር» የሚለው ላይ አሳረፈች። ዜሮዋን ደግማ አየቻት፤ አሁን ሐቅ መሆኗን ስታውቅ ይበልጥ አስጠላቻት። ጣቷን አንስታ «ይታተም» የሚለውን ነካች።

ቅጹ የጥናቱ ድክመት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ጻፈች፦ «ጸሐፊዋ በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ የቀድሞ ጥናት በአክብሮት ጠቅሳለች። ያ ጥናት ስህተት ነው፤ የማነጻጸሪያው ውኃ የተበከለ ነበር። አክብሮቱ ይውጣ።» ገምጋሚ ስሙን አይጽፍም። እሷ ጻፈች።

ቤት ስትገባ ባሏ ፊቷን አይቶ፣ «አሁንም ትቀኚባታለሽ?» አላት።

«አሁንማ ባሰብኝ» አለችው። «እስከ ትናንት ተሳስታለች ብዬ ነበር እኮ የምቀናው።»