ለአባቴ ባላጋራ ያሠራሁት መቃብር

ደብረ ታቦር ውስጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ይፋግ ገበያ ላይና በጭነት መኪና ጀርባ ነው። ሰው እንዳያታልለኝ ያ በቂ ነበር። ራሴን እንዳላታልል ግን ያስተማረኝ የለም።

የተወለድኩበት መንደር ጉና ግርጌ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መካነ መቃብር ከአንድ የገብስ ማሳ አይበልጥም። ከጥዶቹ ሥር ያሉት የጥንቶቹ ናቸው ይባላል፤ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ያሉት በየዘራቸው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ድንጋይ ይከመራል። ክረምት ሳይገባ ቤተሰቡ ይመጣና ጃርት የቦረቦረውን ይደፍናል፣ የተናደውን ይመልሳል፣ ሣሩን ያጭዳል። ጥገና ማለት ይኸው ነው። የተጻፈ ነገር የለም። ማን የት እንደተኛ የተመዘገበው በአሮጊቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ መዝገቡም እያረጀ ነው።

እናቴ እግሯ ከደከመ ወዲህ እኔ ዘንድ ከተማ ናት። አንድ ነገር ብቻ ያሳስባት ነበር፤ ከአባቴ ጎን ያለው ቦታዋ እንዳይጠፋባት። የአባቴ ክምር እየተናደ ነው የሚል ወሬ ከአገር ቤት በመጣ ቁጥር እህል አልወርድላት ይል ነበር።

«የኔ ቀን ሲደርስ ቦታውን ማን ያሳያችኋል? እኔ እንደሁ ተነሥቼ አላሳያችሁ» ትለኛለች።

እኔም ነጋዴ ነኝና የማውቀውን መድኃኒት አዘዝኩ፤ ሲሚንቶ። ሁለት ግንበኞች ከከተማ ይዤ፣ ሸክላ ንጣፍ ጭኜ ወጣሁ። የአባቴን ቦታ እንዳልረሳው የቀብሩ ዕለት ቆጥሬ ይዤዋለሁ፤ ከበሩ አራተኛው ክምር። ጠዋቱ ጉም ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በቅጡ አይታይም። በሩ ግን ይታይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ያንን የብረት በር ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሲገጠም አልነበርኩም። እያደነቅኩት ገባሁ፣ አራት ቆጠርኩ፣ አራተኛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ለግንበኞቹ «እዚህ ነው፤ ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩት» ብዬ ተመለስኩ።

ሥራው ሲያልቅ ለማየት ስሄድ የመንደሩ ሰው አክብሮት ሌላ ሆነብኝ። ድሮ «ያ ሲሚንቶ ሻጭ» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ራሴን ይዘው ባረኩኝ፤ እንዲህ ያለ ልብ ለሁሉ አይሰጥም አሉኝ። ለአባት መቃብር ማሠራት ይህን ያህል ያስመሰግናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ቢሆንም ምስጋናውን አልመለስኩም።

በሳምንቱ እናቴን በመኪና ወሰድኳት። የአባቴ ስም የተቀረጸበትን እብነ በረድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ይዣለሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ምርኩዟን ተክላ ቆመች።

«በሩን ማን አዞረው?» አለች።

ለካስ የሰጠሁት በር ለድሮው መግቢያ ስለሰፋባቸው፣ በማዶው ጫፍ ነው የገጠሙት። ስምንት ክምር ካለበት መደዳ አራተኛውን ከወዲያ መቁጠርና ከወዲህ መቁጠር አንድ አይደለም። ይህን የተረዳሁት እዚያው ቆሜ ከሁለቱም ጫፍ ስቆጥር ነው።

እናቴ በምርኩዟ ወደ ተናደው ክምር ጠቆመች። «አባትህ ያውና። ይኼ የዚያ ሰውዬ ነው።»

ያ ሰውዬ የአባቴ ሥጋ ዘመድ ነበር፤ በአንድ ክንድ የማሳ ድንበር ዕድሜያቸውን ሙሉ ተካሰዋል። ዘራቸው አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን ተቀበሩ። በመካከላቸው የቀረችው ክፍት ቦታ የእናቴ ናት። ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩት ያልኩት ሸክላ ደግሞ ግማሿን ይዟታል።

«በቁሙ አንድ ክንድ ገፋን፤ ሞቶ ደግሞ አንተ አንድ ክንድ ጨመርክለት» አለች እናቴ። «እንግዲህ እኔ የት ልገባ ነው?»

ከረጢቱን ከኋላዬ ደበቅኩ።

በዚህ መሐል የሰውዬው ሚስት ዳቦ አስይዘው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ከእናቴ ጋር ከክሱ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። እኔን ስመው፣ ይህን እርቅ ያሳየኝ አምላክ ይመስገን ይሉ ጀመር። የመንደሩ ምስጋና ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ለአባቱ ባላጋራ ማንም ልጅ የማያደርገውን ያደረገ ታላቅ ሰው ሆኛለሁ። ዝም ማለት የሚያዋጣበትን ሰዓት አውቃለሁና ዝም አልኩ። እናቴ ግን ነግዳ አታውቅም።

«ተሳስቶ ነው እንጂ ለባልሽ አልነበረም» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። «አውቃለሁ። አባቴ እያለ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እኔ እንኳ ለባሌ እንዲያ አላለቀስኩ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ሲሚንቶ ይዞ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል?»

እናቴ ሳቋን በጋቢዋ ሸፈነች። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። ጋቢውን ከሣሩ ላይ አነጠፈችና በሁለቱ መቃብሮች መካከል እጆቿን አጣምራ በጀርባዋ ተኛች። እማየ ተነሽ፣ ነውር ነው ብላት፣ ጫማ እንኳ ሳይለኩት አይገዙትም አለችኝ። ትከሻዋ የሸክላውን ጠርዝ ገፋው።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ጠበበሽ?»

«ጠበበኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ጠርዙን ቁረጠው።»

«ስንት ያህል ይፈቅዱልኛል፣ እትዬ?»

ክንዳቸውን ከጋቢው አውጥተው ሸክላው ላይ አጋደሙት። «ይህን ያህል። ባሌ ቢሰማ አይፈቅድም ነበር፤ ግን አሁን ምን ያመጣል።»

ዳቦውን እዚያው ተቀምጠን ቆረስን። እናቴ ሌላ ሲሚንቶ እንዳላመጣ አስማለችኝ፤ የአባቴን ድንጋይ በእጄ መልሼ ከመርኩ፣ እብነ በረዱንም አናቱ ላይ አቆምኩት።

ስንሄድ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ ሴትዮዋን በአገጯ አሳየችኝ።

«የኔ ዕለት አንተ እንዳትቆጥር። እሷን ጠይቃት።»

«እኔ የቀደምኩ እንደሁስ?» አሉ ሴትዮዋ ከኋላችን።

«አርፈሽ ተቀመጪ» አለቻቸው እናቴ፣ ዞር ሳትል። «የለካሁት እኔ ነኝ።»