የግዴታ ዕረፍት ከኩልመስክ ማዶ

ያቺን ማሽን ገና ሳያት ነው የጠላኋት። መሥሪያ ቤታችን ከውጭ ባስመጣቸው ከባድ መኪኖች ላይ ተገጥማ መጣች። እያንዳንዱ ሹፌር በስሙ የተሰጠውን ካርድ ይከትባታል፤ እሷም ስንት ሰዓት እንደነዳ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደ፣ የት እንደቆመ ትመዘግባለች። ሰዓትህ ሲሞላ ትጮሃለች። ያኔ የትም ሁን የት ቆመህ ማረፍ ግዴታህ ነው። ኧረ ለመሆኑ ይቺን ሕግ ያወጣ ሰው የላስታን መንገድ አይቶ ያውቃል?

ጋሼ ግን በንዴቴ ይስቁ ነበር። ጋሼ የምላቸው እየተፈራረቅን የምንነዳውን ሽማግሌ ነው፤ የመርሳ ሰው ናቸው፣ መሪ መያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው። "ወላሂ፣ እኔስ ስትጮህ ደስ ይለኛል። አሁን ሶላቴን ያለ ጥድፊያ እሰግዳለሁ" ይሉኛል። ሌሎቻችን ድምፁን በሙዚቃ አፍነን እንነዳለን፣ ቢሮ ሲጠይቀን ደግሞ እንዋሻለን።

የእርዳታ ስንዴ ጭነን ወደ ላሊበላ ስንሄድ መሪውን የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ ማሽኗ ውስጥ ያለውም የሳቸው ካርድ ነው። ኩልመስክን አልፈን ወደ ገነተ ማርያም ስንቃረብ ጮኸች። የኔ ሰዓት ደግሞ ቀድሞ ሞልቷል፤ ተቀብያቸው እንዳልነዳ።

"ጋሼ፣ እዚህ አይቆምም። አገሩ ሰላም አይደለም፣ ዝም ብለው ይንዱት!" አልኳቸው።

"ሕግ ሕግ ነው፤ ደግሞ የዙሁር ሶላት ደርሷል" ብለው ዳር ያዙ።

በጀሪካን ውሃ ውዱእ አድርገው ሳይጨርሱ ታጣቂዎች ከገደሉ ሥር ወጡብን። የፊተኛው ምንም ሳይጠይቅ በሰደፍ አፌን አለኝ። ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁት።

"ለምን እዚህ ቆማችሁ? ማነው የላካችሁ?" አለ አለቃቸው።

"ልጆቼ፣ ዕረፍት ላይ ነን" አሉ ጋሼ።

"ላሊበላ አፍንጫችሁ ሥር ሆኖ የምን ዕረፍት ነው?"

እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አላምንም። በዚህ መሃል አንዱ ጋቢና ገብቶ ማሽኗ ብልጭ ድርግም ስትል አየና "ሬዲዮ ነው! እየሰለሉን ነው!" ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ሁልጊዜ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይሉኛል። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። "የምን ሬዲዮ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! የት እንደቆምን፣ ስንት ሰዓት እንደቆምን የምትመዘግብ ማሽን ናት! ሁሉም ነገር ቢሮ ይታያል!" አልኩት። ንጹሕ መሆናችንን ማስረዳቴ ነበር እኮ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የአለቃው ፊት ተለዋወጠ።

"እዚህ መሆናችንን መዝግባለቻ" አለ፤ ጠመንጃውንም አቀባበለ። እኔን አንበርክከው አፈሙዙን ማጅራቴ ላይ አደረጉት። "ካርዱ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው። "እሱን ተዉት፤ ያለው አፍ ብቻ ነው።"

"እንግዲያውስ ይቺንም መዝግብ!" ብሎ አለቃው ጭናቸው ላይ ተኮሰ። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ከኩልመስክ በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማና ገደል ለገደል ወረዱ።

ሽርጣቸውን ቀድጄ ጭናቸውን ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። ተሸክሜ ጋቢና አስገባኋቸውና መሪውን ያዝኩ። ካርድ መቀየር ማን ትዝ ይለዋል? ማሽኗ ዕረፍታችሁን አልጨረሳችሁም እያለች ትጮሃለች። በቡጢ ደበደብኳት፣ አልዘጋም አለች። ደሙ ከመቀመጫው ወርዶ እግሬ ሥር ደረሰ፤ ጫማዬ ፍሬኑ ላይ ያዳልጠኝ ጀመር።

"ጋሼ፣ እንዳይተኙብኝ! ይስደቡኝ እንጂ!"

"ቀስ በል፣ አንተ ከይሲ። ጭነት ይዘሃል" አሉኝ። ገነተ ማርያምን እንዳለፍን "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብለው ሸሃዳ ሲይዙ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ አልመለሱልኝም። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ግን ስጠራቸው ነበር።

ቀብራቸው ካለፈ በኋላ ቢሮ አስጠሩኝ። የስምሪት ኃላፊው ወረቀት አገላብጦ "ነፍስ ይማር" አለ። "ግን ማሽኑ እንደሚለው ሟቹ የግዴታ ዕረፍታቸውን አቋርጠው እስከ ላሊበላ ነድተዋል። ጥፋቱ የራሳቸው ነው።"

"የነዳሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ እየሞቱ ነበር።"

"ካርዱ የሳቸው ነው። ማሽን ደግሞ አይዋሽም።"

ጠረጴዛውን ተሻግሬ አንገቱን ያዝኩት። አፍንጫው ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ፤ እሱም አላበረደኝም፣ ደገምኩት። ጥበቃዎቹ ተረባርበው መሬት ለመሬት እየጎተቱ ሲያስወጡኝ "ስትጮህ የሚቆሙ ሹፌር እኮ እሳቸው ብቻ ነበሩ!" እያልኩ እጮህ ነበር።